ውኃ ያለበት

በአሥራ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ
ፎርማኑ ፈቃድ ፈረመ፣ እየከበደው እንደ ኑዛዜ።
ቅዳሜና እሑድ፣ ሁለት ቀን በሙሉ፣
የሽመና ማሽኖቹ ያለኔ ይዋሉ።
«የት ልውሰድሽ?» አልኩሽ። «ውኃ ያለበት» አልሽ፣
ዞር ብለሽ ሳታዪኝ፣ ድስቱን እያጠብሽ።
«ቦርከና አለልሽ» ልልሽ ከንፈሬ ላይ ነበር፤
ግን ቀለም ጠጥቶ በጓሯችን ሲዞር
ስንቴ አየነው፤ እሱም እንደ እኛ
የፋብሪካው ደመወዝተኛ።

ደሴን ጭጋግ ውጧት፣ ጦሳን ሳናየው፣
ሚኒባሱ ጠቦ ጉልበትሽን ከጉልበቴ አስታረቀው።
ረዳቱ «ሐይቅ! ሐይቅ!» ሲል በበሩ ተንጠልጥሎ
እኔ ኪራይ እደምራለሁ፤ ስንት ቀርቶ፣ ስንት ተከፍሎ።

ሐይቅ ከተማ ወርደን ገበያውን ዞርን፤
ምንም ሳንገዛ ዋጋ ስንጠይቅ ዋልን።
ሎሚ አሸተትሽ፣ መለስሽ። ኮፍያ ለካሁ፣ ሳቅሽብኝ፤
«ዓሣ አስጋሪ መሰልክ» ብለሽ አወለቅሽብኝ።
ለምሳ ቆሮሶ ጠበሱልን ከነጭንቅላቱ፤
ዓይኑን አንቺ በላሽ፣ እኔ ፈራሁ፣ ሳቀ ባለቤቱ።

እሑድ ማለዳ አሊጋዝ ጀልባውን ፈታልን፤
ሁለት የፕላስቲክ ወንበር፣ ለሁለት ሰው አንድ ሰደርያ ሰጠን።
ሽማግሌ ነው፤ ወሬው ከሞተሩ ይበልጣል፤
«እዚህ ታች አገር ነበረ» ይላል፣ «ውኃው ዋጠው» ይላል፤
«ሲጠራ ምሰሶው ይታያል።» እኔ ጎንበስ፤
ያየሁት የራሴን ግንባር ነው፣ በማዕበል ሲታረስ።

ገዳሙ ጥግ ደረስን። «ሴት አትገባም» አለ አሊጋዝ።
«ሙህዬ፣ ሂድ፣ እይልኝ» አልሽ፣ ጠርዙን በእጅሽ ያዝ
አድርገሽ። ሄድኩ። ዛፍ አየሁ፣ የድንጋይ ካብ፣ አሮጌ በር፤
ግን «አየህ?» የሚለኝ ሰው ከጎኔ አልነበር።
ግማሽ መንገድ ላይ ዞርኩ።
«ምን አለ?» ብትይኝ፣ «ዛፍ» አልኩ።

ስንመለስ፣ መሐል ላይ፣ ሞተሩ ሳል ጀመረ፤
ሁለቴ ሳለና ዝም አለ፣ ጭሱ ብቻ ቀረ።
አሊጋዝ ገመዱን ሳበ፣ ረገመ፣ ለመነ፣
ዱዓም አደረገ፤ ሞተሩ እንደ በቅሎ ጨከነ።
እኔም መካኒክ ነኝ ባይ፣ ካንዴላውን ፈታሁ፤
ጠረግኩት፣ ነፋሁት፣ አንድ ብሎን ውኃ ውስጥ ከተትኩ፣ ተረታሁ።
ነፋሱ ወደ ሸንበቆው ይገፋን ጀመር።

ያኔ ተነሳሽ።
ሻርፕሽን ወገብሽ ላይ አሰርሽ፣
ከወንበሩ ሥር መቅዘፊያውን መዘዝሽ።
ቀኝ፣ ግራ። ቀኝ፣ ግራ። ሳይረጭ፣ ድምፅ ሳይሰማ፣
ጀልባው እንደ ተመከረ ልጅ ዞረ ወደ ከተማ።
አሊጋዝ አፉን ይዞ «የማን ልጅ ነሽ?» አለ።
«ጦይባ ነኝ፣ የአርዲቦዋ። አባቴ ወንድ ልጅ ስላልታደለ
ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ እኔ ነበርኩ ቀዛፊው፣
እሱ መረብ ዘርጊው።»

አሥራ ሁለት ዓመት!
የደም ዓይነትሽን አውቃለሁ፣ የጫማ ቁጥርሽን፣
ስትቆጪ የምትከፍቺውን ቧንቧ፣ የዝምታሽን ርዝመት፣
የትኛው ጥርስሽ እንደሚያምሽ በብርድ።
ይህን አላውቅም።
«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኩሽ፣
ሰደርያውን ለብሼ፣ እንደ ጆንያ ተቀምጬ።
«መቼ ጠየቅከኝ?»
ቀኝ፣ ግራ።
ከሸንበቆው አንድ ወፍ ተነሳ፤ ሁለታችንም አየነው፤
«አየህ?» አልሽኝ።

ማታ፣ ሚኒባሱ ውስጥ፣ መዳፍሽን ገለበጥኩት፤
ሁለት ቦታ ውኃ ቋጥሯል። በጣቴ ጫፍ ነካሁት።
ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ፣ እኔ ኪራዩ ጠፍቶኝ
ሌላ ድምር ይዣለሁ፤ ጥያቄው አልቆጠር ብሎኝ።
«አባትሽ ከዳር ሆኖ ሲጠራሽ በምን ስም ነበር?»
ዓይንሽን ሳትገልጪ፣ ራስሽ ትከሻዬ ላይ፣
«ቆይ» አልሽ፣ «ደሴ እንድረስ።»